አሥራ አራተኛው ኮፒ

ኮዬ ፈጬ፣ ከታክሲው ማዞሪያ አለፍ ብሎ፣
ቀይ ኮንቴነር አለ፣ ወደ ቀኝ አዘንብሎ።
የኔ ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ጽሕፈት፤
መብራት ሲኖር ሥራ፣ መብራት ሲጠፋ ሐሜት።

ሲትና መጀመሪያ የመጣች በሐምሌ ነው፣ በጭቃው ወራት፣
ዲግሪዋን በፌስታል፣ ፌስታሉን በቶቧ ጠቅልላ፣
ዝናብ እንዳይነካት፣ ሰው እንዳያያት።
«አንድ ኮፒ» አለች፣ አንድ ጣቷን አንሥታ።
ያኔ አማርኛዋ ሦስት ቃል ነበር፤ አንድ፣ ስንት፣ ይቅርታ።

የውሃ መሐንዲስ ናት። ኦምዱርማን፣ ወንዙ ዳር፣
አሥራ ሰባት ዓመት ሞተር ስታዳምጥ፣ ግፊት ስትቆጥር።
ስንት ሺህ ሰው ማልዶ ፊቱን ሲያርስ፣
ስሟን አያውቅም እንጂ በእሷ ፈቃድ ነበር ውሃው የሚፈስ።
ስለ ጦርነቱ አንድ ቀን ብቻ ነው ያወራችኝ፤
«ውሃው ቆመ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልጨመረችልኝ።

አንደኛው ኮፒ ገላን ሄደ፣ ዘይት ፋብሪካ።
«ልምድሽ ግሩም ነው፤ በይ የሥራ ፈቃድሽን አምጪ»፤
ፈቃድ ሰጪው ደግሞ፣ «በቅድሚያ ቀጣሪሽን አምጪ»።
ሦስተኛው ቱሉ ዲምቱ፣ ቱቦ ከሚያመርቱት ዘንድ፤
አስተርጓሚው አገላብጦ አየና
«ጽዳት ትችያለሽ?» አላት።
ሰባተኛው «ትምህርት ቤትሽ ያረጋግጥልን» ተብሎ ተመለሰ፤
የትምህርት ቤቷ መዝገብ ቤት ግን
ከነመደርደሪያው አመድ ለበሰ።

ዋናውን አትሰጠኝም፤ ያልቅብኛል ትላለች፤
ከኮፒው ላይ ኮፒ፣ ከዚያም ላይ ኮፒ ታስነሣለች።
በዘጠነኛው፣ ማኅተሙ የጠዋት ጨረቃ መሰለ፤
በአሥራ ሁለተኛው ፊቷ ጠቁሮ ጠቁሮ
ዐይኗ ብቻ አለ።

አንድ ከሰዓት፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ስልክ ስትጠብቅ፣
ጋሽ ይርዳው አለፉ፣ «ይቺ ደግሞ ሥራ ፈት» ብለው፣ ሳቅ ሳቅ።
«ፈት ምንድን ነው?» አለችኝ።
ባሏን የፈታች፣ አልኳት፣ ወይም እሱ የፈታት።
ትንሽ አሰበችበት።
«ታዲያ ማን ማንን ፈታ? እኔ አልፈረምኩም።»
እኔም፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ ስድስት ዓመት ቶነር የምሞላው፣
እኔም አልፈረምኩም።
ሳቅን። ኮንቴነሩ ተነቃነቀ።

በኅዳር፣ ሐሙስ ለት፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ውሃ ቀረ፤
ቢጫው ጀሪካን እስከ አስፋልቱ ተደረደረ።
ደምስ፣ የሰፈሩ ቧንቧ ሠሪ፣ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አዋጡ» አለ።
እሷ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች። ዝም ተባለ።
«አየር» አለች፣ በአማርኛ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።
መፍቻ ጠየቀች።
ደምስ እያንገራገረ ሰጣት፤
ያው ፈት የሚለው ቃል ነው፣ አሁን ግን ብረት ሆኖ እጇ ገባላት።
አንገቱ ላይ ያለውን ብሎን ስትፈታው ቧንቧው ተነፈሰ፤
መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ጥርት ብሎ ፈሰሰ።
አንዷ እልል አለች። ሌሎቹ ወረፋ ሊቀሙ ሮጡ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ፤ በወር ስምንት መቶ ብር፤
የደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን
«ጥበቃ» እና «ጽዳት» ብቻ ነበር።
ሁለት ሰዓት ተከራክረው «ረዳት ጥበቃ» ብለው ጻፏት።
አንብብልኝ አለች፤ አነበብኩላት።
«ምንድን ነው የምጠብቀው?»
ውሃ፣ አልኳት።
አልሳቀችም።

ሰኞ ተመልሳ መጣች። «አንድ ኮፒ»፣ ጣቷን ሳታነሣ።
ቢሾፍቱ መንገድ አንድ ድርጅት ማስታወቂያ አውጥቷል አሉ።
ዛሬ ዋናውን ነው ከፌስታሉ ያወጣችው።
መስተዋቱ ላይ ዘረጋሁት፤ ብርሃኑ ከሥር አለፈ፤
ከወዲያ በኩል አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ
ዐይኗን ሳትሰብር ወጣች፣ ገና ትኩስ፣
ወረቀቱ እጄን አሞቀኝ።

«ስንት?»
አምስት ብር።
ይቅር ልላት ነበር፤ ከአፌ ላይ መለስኩት።
ብሩን ተቀበልኳት፣ ቆጠርኩ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።
ሥራ ነዋ።
ሥራ ይከፈልበታል።